ዓይኑን ማን ከደነው

አስማረ ሞቶ የተገኘው በአሰለፈች ግቢ፣ ከገብሱ ክምር ኋላ፣ ከካቡ ሥር ነው። በጀርባው ተንጋሏል። እግሮቹ ተገጣጥመው ተዘርግተዋል፤ እጆቹ ሆዱ ላይ ተጣምረዋል፤ ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ የእግሮቹ አውራ ጣቶች በሰም በታሸ ቀጭን ፈትል ተሳስረዋል። ደረቱ ላይ ያለው ሰፊ ቁስልና ከሥሩ የረጋው ደም ባይኖር ኖሮ፣ ዕድሜ ጠግቦ በአልጋው ላይ የሞተ ሰው በተባለ ነበር።

ኢንስፔክተር መስታወት ከመካነ ኢየሱስ በሞተር መጥታ፣ ሞተሩ የማይዘልቀውን ዳገት በእግሯ ጨርሳ ስትደርስ እኩለ ቀን አልፏል። ብዙ ሬሳ ያየች ሴት ናትና ዝንቡም ሽታውም አላስጠላትም። ያስጠላት ሌላ ነው። ሟች ገና ሳይነሣ፣ ካቡ ላይ የተደረደሩት ሽማግሌዎች የገዳይቱን ማሳ ማን እንደሚያርሰውና ጠመንጃዋን ማን እንደሚወስደው ይነጋገሩ ነበር።

«ቀስ በሉ እንጂ» አለቻቸው። «መጀመሪያ ሰውየው ይቀበር።»

የቀበሌው ሚሊሻ መልካሙ እየተጣደፈ ወደ እሷ መጣ።

«ነገሩ ያለቀ ነው ኢንስፔክተር። ራሷ አምናለች። እርስዎንም በከንቱ አደከምንዎት።»

«ካለቀ ምን ያስቸኩልሃል? ከሥሩ ንገረኝ።»

መልካሙ ነገራት። ጠዋት የአገሩ ሰው ሁሉ ሽማግሌው ካሣሁን ለቅሶ ላይ ነበር። ካሣሁን በጉብዝናው ዘመን የታወቀ ተኳሽ ስለነበረ፣ አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመግባቱ በፊት ጠመንጃ ያለው ሁሉ በለቅሶው ሜዳ ላይ ተኩሶለታል። አሰለፈች ላሟ ምጥ ስለያዛት ከቤት ቀረች። ሰው ከቀብር ሲመለስ አስማረ እዚህ ወድቆ፣ እሷ ደግሞ ቤቷን ከውስጥ ቀርቅራ «ገደልኩት!» እያለች ስትጮኽ ተገኘች።

«መጀመሪያ የደረሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ከአጥሩ ኋላ በቅሎ ስታሽካካ ሰምቼ ዞርኩ። የጌታነህ፣ የሟች የታላቅ ወንድሙ በቅሎ ናት። ኮርቻ ተጭኖባት ታስራለች።»

«ኮርቻ ብቻ?»

«ኮርቻና… ገመድ። አንድ ነጠላም ነበር።»

«ገመዱ ለምን ነበር?»

መልካሙ ጫማውን አየ። «ያው የተለመደው ነው እኮ ኢንስፔክተር።»

«ምኑ ነው የተለመደው?»

«አስማረ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። እምቢ አለች። ደግሞ ላከ፤ ደግማ እምቢ አለች። እና… ሊጠልፋት ነበር።»

«ይህንን ማን ያውቅ ነበር?»

«ወሬው ነበረ።»

«አንተ ሚሊሻ ነህ። ወሬው ካንተ ጆሮ ደርሶ ምን አደረግህ?»

መስታወት ፊቷን አዙራ መሬት ላይ እንትፍ አለች።

«ተኩሱንስ አልሰማችሁም?»

«ኧረ ኢንስፔክተር! ሜዳው ላይ እንደዚያ እየተንጣጣ የማን ጥይት ከማን ይለያል?»

ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ በጎኑ ቀና አድርጋ አየችው። ጥይቱ የገባው በጀርባው ነው፤ በዚያ ያለው ቀዳዳ ጠባብ ነው። የወጣው በደረቱ ነው። ጋቢው በፊት በኩል፣ ከግራ ትከሻው ላይ፣ በባሩድ ጠቁሯል፤ በጥቁረቱ መካከል የደረቀ ሰም የመሰለ ነገር ተረጫጭቷል። እዚያ ቦታ ላይ ግን ጋቢው አልተበሳም። ግንባሩና አፍንጫው ላይ የአፈር ጭረት አለ፤ አፈሩን አንድ ሰው ጠርጎለታል።

«ዓይኑን የከደንከው አንተ ነህ?»

«እኔማ አልነካሁትም። ፖሊስ ሳይመጣ ሬሳ አይነካም ብላችሁ አስተምራችሁን የለም? እንዲሁ ነው ያገኘሁት። ወንድሙ ቀድሞኝ መስሎኝ ነበር።»

ጠመንጃው አሮጌ ምንሽር ነው። መልካሙ ከአሰለፈች እጅ እንደተቀበለው፣ ሳይከፍተው ነበር ያስቀመጠው። መስታወት ብረቱን ወደ ኋላ ስትስበው ባዶ ቀለህ መሬት ላይ ወደቀ። አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። የቀለሁ አፍ ላይ የጉጠት ንክሻ አለ። ቀጭን ስንጥር አፈሙዙ ውስጥ ሰድዳ ስታወጣው ጫፉ ላይ ሰም ይዞ መጣ፤ ከሰሙ ጋር የተቃጠለ የጥጥ ክር።

ምንም አላለችም። ቀለሁንም ስንጥሩንም በላስቲክ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

*

አሰለፈችን ያስቀመጧት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ባዶ አግዳሚ ላይ ነው። ሠላሳውን ያለፈች፣ እጆቿ በማጭድ የሻከሩ ብርቱ ሴት ናት። ባሏ ዋሴ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ራሷ እየተቆጣጠረች፣ አንዲት ልጇን ዮርዳኖስን መካነ ኢየሱስ ታስተምራለች።

«ገድየዋለሁ» አለች መስታወት ገና ሳትቀመጥ። «እንዳይደክሙ ብዬ ነው። እታሰራለሁ፤ የእግዜር ቁጣ ነው። ልጄን ግን ወደ መንደሩ እንዳይመልሷት። እኔ ከታሰርኩ እሷንም የሚምራት የለም። የዛሬ ዓመት ለሷ ነው በቅሎ የሚጭኑት።»

«እሱን እናያለን። በሩን ሲገባ የት ነበርሽ?»

«ከምሰሶው አጠገብ። በሩን በትከሻው ሲገፋው መቀርቀሪያው ተነቀለ። ‹ዛሬስ ማን ያድንሻል› አለኝ፤ ይስቅ ነበር። ጠመንጃውን ስደግን የባሰ ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«አዎ። እየሳቀ ነው ወደ እኔ የመጣ። ቃታውን ሳብኩት። ጮኸ፤ ጭሱ ፊቱን ሸፈነው። ከዚያ ዞሮ ሮጠ። እኔ በሩን በሞፈሩ ደግፌ ውስጥ ቀረሁ። ብጮኽ ብጮኽ ማንም አልሰማኝም።»

«ስንት ጊዜ ተኮስሽ?»

«ያለችኝ አንዲት ጥይት ናት። እሷው ናት።»

«ያጎረስሻት አንቺ ነሽ?»

አሰለፈች ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አነሣች። «እኔ ማጉረስ አላውቅም። አያ ተክለ ማርያም ናቸው፤ የባሌ አጎት። ባለፈው ሰሞን ወልውለው፣ አጉርሰው ሰጡኝ። ‹ብረቱን አትነካኪው፣ ሲቸግርሽ ቃታውን ብቻ ሳቢ› አሉኝ። እሳቸውን ግን አያንሡብኝ። አገሩ ሁሉ ‹ጠመንጃ ለሴት ምኗ ነው፣ ይወሰድባት› ሲል ‹አትንኩባት› ያሉ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

*

ጌታነህ ከደጅ ይጠብቅ ነበር፤ ክላሹን ትከሻው ላይ አንግቷል።

«ደሜን ነው የምፈልግ!» አለ። «ወንድሜን ከኋላው ነው የመታችው፣ እንደ ጅብ! ሴት ጠመንጃ ከያዘች ወንድ ምን ይያዝ? እንዝርት?»

«እንዝርት ብትይዝ ምን ይጎድልብሃል? እጅህ ሥራ ያገኝ ነበር።»

መልካሙ ሳቁን ዋጠ። ጌታነህ ፊቱ ደም ለበሰ።

«በቅሎዋን ለምን አዋስኸው?» አለችው መስታወት።

«ወንድሜ ነው። ለምን ብዬ ልጠይቀው?»

«ገመዱንስ?»

ጌታነህ የክላሹን ማንገቻ አስተካከለ።

«ዓይኑን የከደንክለት አንተ ነህ?»

«እኔ መቼ ቀርቤው? ደሙን ሳይ እዚያው ተዝለፈለፍኩ። መልካሙ ነው የገነዘው። እግዜር ይስጠው፣ ይህንን እንኳ አድርጎለታል።»

መልካሙ አፉን ሊከፍት ሲል መስታወት በዓይኗ ዝም አሰኘችው።

*

አያ ተክለ ማርያም ነጭ ኩታቸውን አደግድገው በቤታቸው መደብ ላይ ተቀበሏት። ጢማቸው የተበጠረ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ በአገሩ እርቅ ያለ እሳቸው የማይቆም ሽማግሌ ናቸው። ምንሽራቸው ከራስጌው ላይ ተሰቅሏል።

«ነይ ልጄ፣ ነይ ዐረፍ በይ። መከራ ነው ያየን።»

«ጠመንጃዋን ያጎረሱላት እርስዎ ነዎት አሉ።»

«እኔ ነኝ፤ አልክድም። መበለት ናት፣ ራሷን ትጠብቅ ብዬ። ሰው ሲቃወም እኔ ተከራክሬላታለሁ። ተሳስቻለሁ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሴት ልብ ችኩል ነው። ሸሽቶ የሚሄድን ሰው ከኋላው ትመታለች ብዬ መቼ አሰብኩ? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

«እንግዲህ መሬቱስ ምን ይሆናል?»

«የዋሴ አጥንት ነው፤ ወደ ዋሴ ዘመድ ይመለሳል እንጂ። ልጅቱ ትንሽ ናት። እኔ አርስላታለሁ፤ ሌላ ማን አላት?»

«ጠዋት ለቅሶው ላይ ነበሩ?»

«ከለቅሶ እቀራለሁ? ካሣሁንን የገነዝኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ወጣት ሬሳ ይፈራል። በዚህ አገር ወንድ ሲሞት የምጠራ እኔ ነኝ።»

«ሌላ የሚችል የለም?»

«ማን አለ ልጄ? መልካሙ? ያ ሬሳ ሲያይ ይብረከረካል።» ፈገግ አሉ። «ፈትሉን እንኳ ማሰር ጥበብ አለው። ጧፍ ላይ አሻሽተን ሰም እናስይዘዋለን፣ ቋጠሮው እንዳይላላ። ከአባቴ የተማርኩት ነው።»

መስታወት አመስግና ወጣች። ደጁ ላይ ቆማ የጠቀለለችውን ስንጥር ከኪሷ አወጣች፤ ጫፉ ላይ ያለውን ሰም ደግማ አየችው።

*

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ደሙን ለማድረቅ ነው ተባለ። አያ ተክለ ማርያም በመካከል ተቀመጡ። ጌታነህ በአንድ በኩል፣ አሰለፈች በሌላ በኩል ሆኑ፤ መልካሙ ከኋላዋ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ያዘጋጁት እርቅ አጭር ነበር፤ መሬቷን ለባሏ ዘመድ፣ ጠመንጃዋን ለሟች ወንድም ትሰጥና አገር ትለቃለች፤ እነሱም በፍርድ ቤት ይለምኑላታል።

«ትስማማለች» አሉ አያ ተክለ ማርያም። «አይደለም እንዴ ልጄ?»

አሰለፈች ልትናገር ስትል መስታወት ወደ መካከል ገባች።

«ከመስማማቷ በፊት እኔም የምለው አለኝ። አስማረን የገደለችው እሷ አይደለችም።»

ጌታነህ ተነሥቶ ቆመ። «ራሷ አምናለች!»

«ቁጭ በል፤ ያመነችውን ታውቃለህ፣ የሆነውን ግን አታውቅም። ወንድምህ የተመታው በጀርባው ነው። የእሷ ባሩድ ግን ጋቢውን ያጠቆረው በፊት በኩል ነው። ፊት ለፊት ቆመው፣ ከቅርብ ተኩሳበታለች። ባሩዱ አጠቆረው፣ ሰም ረጨበት፣ ጨርቁን ግን አልበሳውም። እንዲህ ያለ ጥይት ታውቃላችሁ?»

ቀለሁን አውጥታ በሽማግሌዎቹ ፊት አዞረችው።

«ይህ የእሷ ቀለህ ነው። አፉ ላይ የጉጠት ንክሻ አለ። እርሳሱን ነቅሎ፣ ባሩዱ እንዳይፈስ አፉን በጧፍ የደፈነው ሰው አለ። ከአፈሙዙ ውስጥ ያወጣሁት ሰሙንና የጧፉን ክር ነው። አሰለፈች አልጋዋ ራስጌ ላይ ሰቅላ ስትተማመንበት የኖረችው ጩኸት ብቻ ነበር። አስማረም ጠመንጃው እንደማይሠራ ተነግሮት ነበር። ስትደግንበት የሳቀው ለዚህ ነው።»

አሰለፈች ቀስ ብላ ወደ አያ ተክለ ማርያም ዞረች። ሽማግሌው ግን አልደነገጡም።

«እኔ ካጎረስኩላት በኋላ ሌላ ሰው ነክቶት ይሆናል» አሉ። «በሷ ቤት ስንት ሰው ይገባል።»

«ይሆናል» አለች መስታወት። «ስለዚህ ጠመንጃውን እንተወውና ስለ ሬሳው እንጠያየቅ። መልካሙ፣ ዓይኑን የከደንከው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ጌታነህ፣ አንተስ?»

«እኔ አይደለሁም አልኩሽ እኮ። መልካሙ ነው…» ጌታነህ አቋረጠ። መልካሙን አየው። መልካሙም እሱን አየው።

«እሱ አንተን ብሎ፣ አንተ እሱን ብለህ፣ እናንተ ሁላችሁ አንዱን ብላችሁ አለፋችሁት። ጀርባውን የተመታ ሯጭ በፊቱ ነው የሚደፋው፤ ግንባሩ ላይ የአፈር ጭረት ነበር። አንድ ሰው ገለበጠው። አፈሩን ጠረገለት፤ ዓይኑን ከደነ፤ እጁን አጣመረ፤ አውራ ጣቶቹን በሰም በታሸ ፈትል አሰረ። ይህ ሁሉ የሆነው መልካሙ ሳይደርስ ነው። አሰለፈች በሯን በሞፈር ደግፋ ውስጥ ነበረች። እንግዲህ ሬሳው ሲወድቅ አጠገቡ የነበረ ሰው አለ። አይቶት ‹ኡኡ› አላለም። ሰው አልጠራም። ገንዞት ሄደና ለቅሶው መካከል ተቀላቀለ።» ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። «ከእናንተ መካከል መገነዝ የሚችል ማን ነው?»

ነፋሱ የሾላውን ቅጠል አንኮሻኮሸው። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ሄደ፤ ከሄደበትም ፈጥኖ ተመለሰ።

«ከአስማረ ጋር የተዋዋላችሁት፣» አለች መስታወት ወደ አያ ተክለ ማርያም ዞራ፣ «እሱ ሴቲቱን፣ እርስዎ መሬቱን ልትወስዱ ነው። ለዚህ ነው አገሩ ሁሉ ጠመንጃዋን ሊቀማት ሲነሣ የተከራከሩላት። ቢቀሟት ሌላ መከላከያ ትፈልግ ነበር። እርሳስ በሌለው ጠመንጃ ስትተማመን ግን አትፈልግም። ጠዋት እርስዎ ከካቡ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አይሠራም የተባለው ጠመንጃ ሲጮኽበትና ባሩዱ ሲለበልበው አስማረ የከዱት መሰለው። ሮጦ ወጣ፤ ወደ ለቅሶው ሜዳ ሄዶ ይናገርብኛል ብለው ፈሩ። ተኩሱ ሜዳው ላይ እየተንጣጣ ነበርና የእርስዎን ጥይት የሚለይ አልነበረም። እስኪ ይህንን ይካዱኝ።»

ሽማግሌው ኩታቸውን አስተካከሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተቆጣ ሳይሆን የተበደለ ሰው ድምፅ ነበር።

«ክርስቲያን ነው እኮ» አሉ። «ዓይኑ እንደፈጠጠ ልተወው?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማማተብ ጀመረ። ጌታነህ ክላሹን ሲያነሣ መልካሙ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ገፍቶ ነጠቀው። አሰለፈች ግን አልጮኸችም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ‹እርስዎ› ስትለው ከኖረችው ሰው ፊት ቆመች።

«ለሱ አዘንክለት» አለችው። «እኔ ከውስጥ ስጮኽ ትሰማኝ ነበር። አንተ ከውጭ ጣት ታስር ነበር።»

ተክለ ማርያም ቀና ብሎ አላያትም። መልካሙ እጁን አሠረው፤ ቋጠሮው ግን እየላላበት ሁለት ጊዜ ፈትቶ እንደገና አሠረው።

እስረኛውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ማማተቡን የጨረሰው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልናገር። ሰውየው ያገር አባት ነው። በመካከላችን ብንጨርሰው አይሻልም? ደግሞም ጠመንጃው… ያው መዘዙን አየነው። ለአንድ ወንድ ዘመድ ይሰጥና ይጠብቃት።»

መስታወት አተኩራ አየችው። የሚያፍር መስሏት ጠበቀች። አላፈረም፤ ሌሎቹም ራሳቸውን በመስማማት ይነቀንቁ ነበር።

«የትኛው ዘመድ?» አለች። «በቅሎ ያዋሰው፣ ወሬውን ሰምቶ ዝም ያለው፣ ወይስ ይሄ የታሰረው?»

መልስ ሳትጠብቅ የአሰለፈችን ምንሽር ትከሻዋ ላይ አነገተች።

«ጠመንጃውን ለማስረጃ እወስደዋለሁ» አለች ወደ አሰለፈች ዞራ። «ፍርዱ ሲያልቅ ላንቺ ነው የሚመለሰው፤ ለሌላ ለማንም አይሰጥም።»

«እስከዚያስ?» አለች አሰለፈች። «እስከዚያ በማን ልተማመን? በነዚህ?»

መስታወት መልካሙ እንዲጠብቃት ልታዝዝ ትችላለች፤ መልካሙን ደግሞ ትናንት አይታዋለች። ጠመንጃውን ከትከሻዋ አወረደችና ሰጠቻት።

«ነይ ያዥው። ይህንን ብረት ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ኋላ። አየሽ? ጥይቱ የሚተኛው እዚህ ነው። ጫፉ ላይ እርሳሱን በዓይንሽ ሳታዪ፣ በጣትሽ ሳትነኪ፣ ማንም አጎረስኩልሽ ቢልሽ አትመኚ።»

አሰለፈች ብረቱን ስትስበው ተያዘባት። አንዱ ሽማግሌ በአፍንጫው ሳቀ። ደግማ ሳበችው፤ ተከፈተ። ዓይኗን አቅርባ ባዶውን ጎድጓዳ አየችው፤ ጣቷን ከተተችበት፤ መልሳ ዘጋችው።

«እንሂድ፣ ይረፍድብናል» አለች መስታወት።

«ቆይ» አለች አሰለፈች። «አንድ ጊዜ።»

ደግማ ከፈተችው። ሽማግሌዎቹ እየተነሡ፣ ኩታቸውን እያራገፉ፣ ሰላምታ ሳይሰጡ መበተን ጀመሩ። እሷ ቀና ብላም አላየቻቸው። ብረቱን ትስባለች፣ ታያለች፣ ትነካለች፣ ትዘጋለች፤ እጇ ከእንግዲህ ሌላ ሰው እስከማያስፈልገው ድረስ።